ሚዛንን ማን ይመዝናል?

ከታላቁ አንዋር መስጊድና ከራጉኤል ቤተ ክርስቲያን ዙሪያ ተነሥቶ በየተራው እየተከፋፈለ እስከ እህል በረንዳ በሚዘልቀው የመርካቶ ገበያ፣ ከማለዳ እስከ ምሽት ሲፈርድ የሚውል አንድ ዳኛ አለ። ወንበር የለው፣ ካባ የለው፣ ይግባኝም እምብዛም አይጠየቅበት። በበርበሬው መደብ ላይ በሁለት ሳሕን ተንጠልጥሎ ይታያል፤ በእህሉ መጋዘን ደጃፍ ባስኩላ ሆኖ መሬት ላይ ተዘርግቷል፤ በአዲሱ ሱቅ መስታወት ላይ ደግሞ ቀይ ቁጥሮች የሚያበራ ትንሽ ሣጥን ነው። ሚዛን ነው። ሻጭና ገዢ በዋጋው ሲከራከሩ ግማሽ ቀን ሊውሉ ይችላሉ፤ ክርክሩ አልቆ ዕቃው ሚዛን ላይ ሲወጣ ግን ሁለቱም ዝም ብለው ያዩታል። ይህች አጭር ዝምታ በመርካቶ ጫጫታ መካከል ከቶ ልብ የማትባል ናት። የገበያው እምነት ሁሉ የተንጠለጠለው ግን በእርሷ ነው።

ታዲያ ዳኛውን ማን ይዳኘዋል? ሚዛኑስ በምን ይመዘናል? ጥያቄው የሕፃን ልጅ ጥያቄ ይመስላል። መልሱ ግን አንድ ሙሉ የምሕንድስና ዘርፍ ነው፤ በአማርኛ ሥነ ልክ የሚል ጥሩ ስም ወጥቶለታል። ሐኪምን፣ ድልድይ ሠሪን፣ የመብራት ባለሙያን ሰፊው ሕዝብ ያውቃቸዋል፤ የሚሠሩትንም ባይረዳ የሠሩትን ያያል። የሥነ ልክ መሐንዲስ ግን የሠራው ሥራ አይታይም። አዲስ ዕቃ አይፈጥርም፤ የተሰበረ አይጠግንም። ከሚዛን ጠጋኙ ጋር የሚምታታበትም ለዚህ ነው። ጠጋኙ የላላውን ያጠብቃል፣ የዛገውን ይወለውላል፣ ያዘነበለውን ያቃናል፤ ክቡር ሙያ ነው። መሐንዲሱ ግን ዋና ሥራው ማነጻጸር ነው። ከታወቀ ልክ ጋር ያልታወቀውን አስተያይቶ «ይህ ሚዛን ይህን ያህል ይስታል» ብሎ በጽሑፍ ይሰጣል። ካሊብሬሽን የሚባለው ይኸው ነው። ከዚያ በኋላ ስሕተቱ ሕግ ከፈቀደው ወሰን ውስጥ ነው ወይስ አልፏል ብሎ መወሰንና ማኅተም መለጠፍ ሌላ ሥራ ነው፤ እርሱም ማረጋገጥ ይባላል፤ የንግድ መሥሪያ ቤቶች ድርሻ ነው። አንዱ ይናገራል፣ ሁለተኛው ይፈርዳል። ሁለቱን መለየት ያልቻለ ሰው የሥነ ልክን ባለሙያ ወይ እንደ ፖሊስ ይፈራዋል፣ ወይም እንደ መካኒክ «አስተካክልልኝ» ይለዋል።

ለነገሩ አማርኛ በዚህ ጉዳይ ላይ ከብዙ ቋንቋዎች ይልቅ ዐዋቂ ነው። «ልክ» የሚለው ቃል መጠን ማለት ነው፤ እውነት ማለትም ነው። «ልክ ነህ» ሲባል እውነት ተናገርህ ማለት ሲሆን፣ «ልክህን ዕወቅ» ሲባል ደግሞ ወሰንህን አትለፍ ማለት ነው። ግንበኛው ድንጋዩን የሚያስተካክልበትን መሣሪያ ውሃ ልክ ይለዋል፤ የውሃን ቅንነት ለብረትና ለጠርሙስ አውርሶ። አባቶች የቁና፣ የእንቅብ፣ የላዳን፣ የክንድና የስንዝር ሥርዐት ነበራቸው። ጋሻ ለመሬት፣ ጫን ለእህል፣ ፈረሱላ ለቡና፣ ወቄት ለወርቅ ይነገር ነበር። ፈረሱላ ዛሬም በቡና ንግድ ስሙ አልጠፋም፤ 17 ኪሎ ግራም ሆኖ ረግቷል። ወቄት ደግሞ ከማርያ ቴሬዛ ብር ክብደት ጋር ተቆራኝቶ ኖረ። ያቺ 1780 የሚል ዓመት የተቀረጸባት የኦስትሪያ ብር 28 ግራም ገደማ ትመዝናለች፤ በኢትዮጵያ ገበያዎች ገንዘብ ብቻ ሳትሆን የሚዛን ድንጋይም ሆና አገልግላለች። ከሩቅ አገር የመጣች የንግሥት ምስል በአንዱ ሳሕን ተቀምጣ በሌላው ሳሕን የወለጋን ወርቅ ስትመዝን መዋሏ ለቲያትር ጸሐፊ የሚበቃ ትዕይንት ነው።

ችግሩ ግን ቁና ከአገር አገር፣ ከገበያ ገበያ ይለያያል። ክንድም የባለቤቱ ክንድ ነው፤ ረጅም ሰው ይዞ አቡጀዲ መግዛት ጥቅም እንዳለው ያልተረዳ እናት አልነበረችም። «በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርም» የሚለው ተረት የተወለደው ሁለት ቁና በነበረበት ዓለም ነው፤ አንዱ የሚሰፍሩበት፣ ሌላው የሚሰፈሩበት። ጭሰኛው ግብር ሲያገባ የሚሰፈርበት ቁና ሆዱ ሰፊ፣ ብድር ሲወስድ የሚሰፈርለት ጠባብ ከሆነ ብዝበዛው ያለ ጅራፍና ያለ ጠመንጃ ተፈጸመ ማለት ነው። በፈረንሳይ አብዮት ዋዜማ ሕዝቡ ካቀረባቸው አቤቱታዎች መካከል የመስፈሪያ ልዩነት ይወገድልን የሚለው ጎልቶ መገኘቱ፣ ሜትርና ኪሎ ግራምም የዚያ ዘመን ልጆች መሆናቸው በአጋጣሚ የሆነ አይደለም። በኢትዮጵያ ልክን በአንድ ደረጃ የማስያዝ ሥራ የራሱን መሥሪያ ቤት ያገኘው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1970 ነው። ብዙ ጊዜ ስሙን ከለዋወጠ በኋላ በ2003 ዓ.ም. ሲከፋፈል ብሔራዊ የሥነ ልክ ኢንስቲትዩት ራሱን ችሎ ቆመ።

አሁን ወደ ገበያው እንመለስ። መርካቶ ራሱ በልክ የተሠራ ገበያ ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም፤ ልኩ ግን የባዕድ ነበር። ዋናው የአዲስ አበባ ገበያ ቀድሞ በአራዳ፣ በጊዮርጊስ አጠገብ ይውል ነበር። ፋሽስት ኢጣልያ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ከተማይቱን በያዘበት ዘመን ጥቁርና ነጭ በአንድ ገበያ አይቁም ብሎ አገሬውን ወደ ምዕራብ አራቀውና ለእርሱ የተለየ ገበያ ቀየሰ። ቀያሹ ሄደ፤ ስሙ ቀረ፤ ገበያው ግን የአገሬው ሆነ። ሸማ ተራ፣ ሳጥን ተራ፣ ቦምብ ተራ፣ ሚሊቴሪ ተራ እያለ ሕዝቡ በራሱ ቋንቋ ደግሞ ቀየሰው። በምናለሽ ተራ የወደቀ ቆርቆሮና የተጣለ በርሜል ምድጃና ባልዲ ሆኖ ይነሣል። በዚህ ሁሉ ውስጥ የሚዛኑ ቁጥር ስንት እንደሆነ የሚያውቅ ካለ አንድ እግዜር ነው።

አንዲት የሥነ ልክ መሐንዲስ በጠዋት ወደ እህል በረንዳ ወረደች እንበል። መኪናው ከጫነው ዕቃ ውስጥ ዐይን የሚገቡት አምስት ባለ 20 ኪሎ ብረቶች ናቸው። ተራ ብረት ይመስላሉ፤ ነገር ግን እያንዳንዳቸው ከ20 ኪሎ ግራም ቢበልጡም ቢያንሱም ከ1 ግራም አያልፉም። አንድ ግራም ከሃያ ሺሕ አንድ ማለት ነው። ከእነርሱ ሌላ በሣጥን የተደረደሩ፣ በመቆንጠጫ እንጂ በእጅ የማይነኩ ትናንሾች አሉ። በእጅ የማይነኩት ለክብራቸው አይደለም፤ የጣት ላብና ቅባት ክብደት ስላለው ነው። በርበሬ የነካ እጅ ደግሞ ከሁሉ የከፋ ነው።

መጀመሪያ የምታደርገው ነገር ሥራ አይመስልም። ብረቶቹን አውርዳ ትጠብቃለች። ከመኪናው ውስጥ የመጣ ብረት የመኪናውን ሙቀት ይዞ ይመጣል፤ በዙሪያው ያለውን አየር ያንቀሳቅሳል፤ ቁጥሩ ይዋልላል። ስለዚህ ብረቱ ከቦታው አየር ጋር እስኪላመድ ድረስ ባለ መጋዘኑ ይቁነጠነጣል፣ ጫኝና አውራጆች ይቀልዱባታል። ቀጥላ ባስኩላው በውሃ ልክ ቀጥ ብሎ መቀመጡን ታያለች። የተዛነፈ ወለል ላይ የተቀመጠ ሚዛን የሚሸከመውን ኃይል በሙሉ አይናገርም። ከሥሩ የወደቀች አንዲት የባቄላ ፍሬ እንኳ ሳሕኑን ደግፋ ልትይዝ ትችላለች፤ መሐንዲሷ ተንበርክካ ሥሩን የምትጠርገው ስለዚህ ነው። ዩኒቨርሲቲ የጨረሰች ሴት በእህል አቧራ ውስጥ ተንበርክካ ማየት ለአንዳንዱ ያስገርመዋል። ሙያው ግን የሚጀምረው ከጉልበት ነው።

ከዚያ ዋናው ምርመራ ይከተላል። ባዶውን ዜሮ ይላል? አንዱን ክብደት አሥር ጊዜ ብታወጣው አሥር ጊዜ አንድ ዓይነት መልስ ይሰጣል? ሚዛን እንደ ምስክር ነው፤ ስሕተት የሚናገር ግን ሁልጊዜ አንዱኑ ስሕተት የሚናገር ምስክር ሊታረም ይችላል፤ በየጊዜው ቃሉን የሚለዋውጠው ግን ለምንም አይሆንም። ቀጥሎ ማእዘኖቹ ይፈተናሉ። 150 ኪሎ የሚያነሣ ባስኩላ ከሆነ 50 ኪሎውን በመካከል፣ ኋላም በአራቱ ማእዘን በየተራ ታስቀምጣለች። በአራቱም አንድ ቁጥር ካልሰጠ፣ ኩንታሉን የሚያስቀምጠው ሰው የትኛው ጥግ እንደሚጠቅመው ዐውቆ ይሆናል ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ጭነቱን ደረጃ በደረጃ እየጨመረች ትወጣለች፣ እየቀነሰች ትወርዳለች፤ ሲወጣ 60 ያለው ሲወርድም 60 ማለት አለበት። እየደከመው የሚሄድ የሽቦ ጥቅል ሲወርድ ያኮርፋል፤ የሸከመውን ቶሎ አይረሳም።

በየ50 ግራሙ የሚቆጥር እንዲህ ያለ የንግድ ባስኩላ በዓለም አቀፉ ደንብ መሠረት አዲስ ሆኖ ሲፈተን በ100 ኪሎ ላይ ከ50 ግራም በላይ እንዲስት አይፈቀድለትም። በሥራ ላይ ከዋለ በኋላ እጥፉ፣ ማለት 100 ግራም ይታለፍለታል። ሰው ሲሰማው ይቆጣል፤ «ታዲያ ስሕተት በሕግ ተፈቀደ ማለት ነዋ?» ይላል። አዎን፣ ተፈቀደ፤ ምክንያቱም ስሕተት የሌለው ሚዛን በዓለም ላይ የለም። ሕጉ የሚከለክለው ወሰን ያለፈውን ነው። 100 ግራም ከ100 ኪሎ አንድ ሺሕኛ ነው፤ ቤት ሲደርስ ከጆንያው ቀዳዳ የፈሰሰው ይበልጠዋል። እንግዲህ ከዚህ ጋር በችርቻሮ ከኪሎው 40 ግራም የሚያጎድል ሚዛን ይተያይ። በወር 25 ኪሎ ጤፍ የምትገዛ እናት በዚያ ሚዛን በወር 1 ኪሎ፣ ጳጉሜን ሳይቆጠር በዓመት 12 ኪሎ ታጣለች። አንድም ቀን አልተሰረቀችም፤ ጩኸትም አልነበረም፤ ሌባም አልተያዘም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር አለ፤ በመርካቶ ብዙ ሰው ቢሰማው የማያምነው። ሚዛን ሁልጊዜ ገዢን ብቻ አይበድልም። ዲጂታሉ ሚዛን የሚለካው በእርግጥ የዕቃውን መጠነ ቁስ አይደለም፤ ዕቃው ወደ ታች የሚገፋበትን ኃይል ነው። ከሳሕኑ ሥር ያለች የብረት ክንድ ከጭነቱ የተነሣ ለዐይን በማይታይ መጠን ትጎብጣለች፤ በላይዋ የተለጠፈ ቀጭን የኤሌክትሪክ መስመር አብሯት ይለጠጣል፤ ሲለጠጥ ለኤሌክትሪኩ ያለው መከላከል ይለወጣል፤ ያ ለውጥ ነው ቁጥር ሆኖ የሚበራው። የሚገፋው ኃይል ደግሞ የመሬት ስበት ነው፤ የመሬት ስበትም በሁሉ ቦታ እኩል አይደለም። መሬት በወገቧ ላይ ወጣ ያለች ስለሆነች፣ በዚያም ላይ በመሽከርከሯ ምክንያት በምድር ወገብ አቅራቢያ ያለው ነገር ትንሽ ይቀልለዋል። ከባሕር ጠለል ከፍ ያለ ቦታም እንደዚሁ ነው። አዲስ አበባ ሁለቱንም ይዛለች፤ ከምድር ወገብ 9 ዲግሪ ገደማ ብቻ ርቃ፣ ከ2300 ሜትር በላይ ከፍ ብላ ተቀምጣለች። ስለዚህ ፓሪስ ላይ በሰከንድ ስኩዌር 9.81 ሜትር ገደማ የሆነው ስበት፣ እዚህ 9.78 አይሞላም።

ልዩነቱ ጥቂት ይመስላል። ነገር ግን በፓሪስ የተስተካከለ ሚዛን ከሣጥኑ ወጥቶ እንዳለ አዲስ ከተማ ሱቅ ላይ ቢቀመጥ በኪሎ ከ3 ግራም በላይ አሳንሶ ያነባል። በኩንታል ሲባዛ ከ300 ግራም በላይ ይሆናል፤ ሕጉ ከሚታገሠው ሦስት እጥፍ። በዚህ ጊዜ ተጎጂው ሻጩ ነው፤ ገዢው ሳያውቅ ተመርቆለታል። ሚዛኑ አዲስ ነው፣ ከፋብሪካው የመጣ ምስክር ወረቀትም አለው፣ አላጭበረበረም፤ ግን የሌላ አገር ስበት ይዞ መጥቷል። ያረጀው ባለ ሁለት ሳሕን ሚዛን በአንጻሩ በዚህ ፈተና አይወድቅም። ስበቱ ሲቀንስ በዚህም ሳሕን ባለው ብረት በዚያም ሳሕን ባለው በርበሬ ላይ እኩል ይቀንሳልና፣ ፓሪስም ሆነ አዲስ አበባ፣ ጨረቃም ላይ ቢሆን እኩል ፍርድ ይሰጣል። የበርበሬ ነጋዴዋ እትዬ «የድሮው ይሻለኛል» ስትል ሁልጊዜ ኋላ ቀርነት አይደለም። ነገር ግን ምክንያቷ ሌላ ሊሆን ስለሚችል፣ መሐንዲሷ የሚዛን ድንጋዮቹንም አንድ በአንድ ትመዝናቸዋለች፤ ሆዱ የተቦረቦረ ኪሎ ከዜማ ውጭ እንደ ወጣ ክራር በአንድ ምት ይታወቃል።

እነዚያ አምስት ብረቶችስ ልካቸውን ከየት አገኙ? ባለጋብቻ ሰባት ቤት እንደሚቆጥር፣ የሚዛን ብረትም የዘር ሐረግ ይቆጠርለታል። እህል በረንዳ የወረደው ብረት በቤተ ሙከራ ካለ የተሻለ ብረት ጋር ተነጻጽሯል፤ ያም ከእርሱ ከሚበልጥ ጋር፤ እርሱም ከአገሪቱ ዋና ልክ ጋር። በላይኛው እርከን ያለ 1 ኪሎ ግራም የሚፈቀድለት ስሕተት ግማሽ ሚሊ ግራም ብቻ ነው። እንዲህ ባለው ቦታ አየሩም ራሱ ይቆጠራል። ውሃ ውስጥ የገባ ሰው እንደሚቀልለው፣ በአየር ውስጥ ያለ ብረትም በያዘው ስፍራ መጠን አየሩ ይደግፈዋል። በባሕር ጠለል ላይ አንድ ኪሎ ብረትን አየር 150 ሚሊ ግራም ያህል ይደግፈዋል፤ የአዲስ አበባ አየር ሩብ ያህል የሳሳ ስለሆነ ድጋፉ 110 ገደማ ብቻ ነው። የከተማይቱ ከፍታ እንግዳን በደረጃ ላይ ያስተነፍሰዋል፤ የሥነ ልክ መሐንዲስን ደግሞ በሒሳብ ያደክመዋል።

ሐረጉ ከአገር ወጥቶ ወደ ላይ ሲቆጠር እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ፓሪስ አጠገብ በሴቭር አንድ ካዝና ውስጥ ያበቃ ነበር። በ1889 ኪሎ ግራም ተብላ የተሾመች፣ ከፕላቲኒየምና ከኢሪዲየም የተሠራች፣ ቁመቷም ስፋቷም 39 ሚሊ ሜትር የሆነች አንዲት ብረት ነበረች። የዓለም ኪሎ ሁሉ እናት እርሷ ነበረች። በሕጉ መሠረት እርሷ ልትሳሳት አትችልም። ብናኝ ቢያርፍባት የዓለም ሰው ሁሉ ክብደት ቀነሰ ማለት ይሆናል እንጂ እርሷ ጨመረች አይባልም። ከመቶ ዓመት በኋላ ከእኅቶቿ ጋር ስትተያይ ግን በመካከላቸው 50 ማይክሮ ግራም ያህል ልዩነት ተገኘ። ማን እንደተለወጠ መናገር አልተቻለም። ንጉሥ አይከሰስ፣ ሰማይ አይታረስ በሚባልበት ዓይነት ሥርዐት ሳይንስም አንድ ንጉሥ ነበረው ማለት ነው። በ2018 ኅዳር ወር በቬርሳይ የተሰበሰቡት አገሮች ሥልጣኗን ሻሩ። ከሜይ 20 ቀን 2019 ጀምሮ ኪሎ ግራም የሚታወቀው የፕላንክ ቋሚ ቁጥር በተባለ የተፈጥሮ መጠን ሆነ፤ ይህንንም ከክብደት ጋር የሚያገናኘው እንግሊዛዊው ብራያን ኪብል በ1975 ያሰበው ሚዛን ነው። በዚያ ሚዛን በአንድ ወገን ብረት ይቀመጣል፣ በሌላው ወገን የኤሌክትሪክና የማግኔት ኃይል ይቆማል። ዛሬ በእህል በረንዳ የሚመዘነው ጤፍ፣ ሐረጉ ተቆጥሮ ቢደረስበት፣ የማንም አገር ንብረት ካልሆነ ቁጥር ዘንድ ይደርሳል።

ስለዚህ ሙያ ለሕዝብ ማስረዳት ከሁሉ በላይ የሚያስቸግረው ግን ጥርጣሬው ነው። የሥነ ልክ መሐንዲስ «ይህ ሚዛን ፍጹም ትክክል ነው» የሚል ወረቀት ላይ አይፈርምም። «ስሕተቱ ይህን ያህል ነው፤ ይህን ስል እኔ ራሴ ከዚህ እስከዚህ ልሳሳት እችላለሁ» ብሎ የራሱን የጥርጣሬ መጠን በቁጥር አስፍሮ ይፈርማል። ኃላፊ የሆነ ሰው ወረቀቱን ተቀብሎ «ይኸ መደመርና መቀነስ ምንድን ነው? ልክ ነው ወይስ አይደለም?» ብሎ ሲቆጣ መስማት የተለመደ ነው። ማመንታት እንደ ድክመት፣ ቁርጥ ያለ ቃል እንደ ዕውቀት በሚቆጠርበት ስብሰባ ውስጥ፣ ጥርጣሬውን በግራም ቆጥሮ የሚያቀርብ ባለሙያ ብቻውን ይቆማል። ወረቀቱን አጥብቦ የጻፈ፣ ማለት የሌለውን እርግጠኛነት ያለ ያስመሰለ ባለሙያ፣ ከኪሎው ላይ ከቀነሰው ነጋዴ አይሻልም።

ኪነ ጥበብ ለዚህ ሙያ ብዙ አልደከመለትም። ሰዓሊው ፍትሕን ባሰበ ቁጥር ሚዛን ይሥላል፤ ጸሐፌ ተውኔቱም የዳኛውን ክፉነት ሊያሳይ ሲፈልግ ሚዛኑን ያዘነብላል፤ አልቋል። ከዚህ ሁሉ የበላዔ ሰብን ታሪክ በየቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ የሣሉት የጥንት ሰዓልያን ይበልጣሉ። ሰባ ስምንት ነፍስ የበላው ሰው ነፍሱ ለሚዛን ቀረበች፤ በአንዱ ወገን የበላቸው ሰዎች፣ በሌላው ወገን በእመቤታችን ስም ለተጠማ የሰጣት ጥርኝ ውሃ። ውሃዪቱ የደፋችው እመቤታችን ጥላዋን ስላሳረፈችባት ነው ይላሉ አባቶች። ሰዓልያኑ ያስተዋሉት ጥልቅ ነገር ነው፤ ሚዛኑ እንዳለ ቢተው ኖሮ ፍርዱ ሌላ ይሆን ነበር። ምሕረት ከሚዛን ውጭ የምትመጣ ነገር ናት። በሰማይ ያለውን ጥላ ሥነ ልክ አይመረምርም። በመርካቶ ግን ሳሕኑ ላይ የሚያርፈው ጥላ ሳይሆን አውራ ጣት ነው፤ እርሱንም ማንም ብረት ሊለካው አይችልም። ቁርኣንም ሰፍረው ሲሰጡ የሚያጎድሉ ሰዎች የተወቀሱበት አንድ ሙሉ ምዕራፍ አለው፤ በአንዋር መስጊድ ሰግዶ ወደ መደብሩ የሚመለስ ነጋዴ አያጣውም። እንግዲህ መሐንዲሷ የምትመሰክረው ለመሣሪያው ብቻ ነው። እጁን የሚመዝን ሌላ ነው።

ይህን ከማንም በፊት የሚያውቁት ጫኝና አውራጆቹ ናቸው። «እኅቴ፣ ሚዛንማ ምን አጠፋ፤ ሰው ነው እንጂ» ይላታል አንዱ አምስቱን ብረቶች ሲያወርድላት። እርሱ ለዚህ ነገር የራሱ ሚዛን አለው፤ ጀርባው ነው። ሒሳቡ የሚታሰበው በኩንታል ቁጥር ከሆነ፣ 100 ኪሎ የተባለው ጆንያ 110 ሆኖ ሲመጣ አሥሩ ኪሎ በማንም መዝገብ ላይ አይጻፍም። ገዢው ያተርፋል ወይም ሻጩ ይከስራል፤ በመካከል የተሸከመው ግን በነፃ ተሸከመ። በዚህ ገበያ የሚዛን ስሕተት መጀመሪያ የሚያርፈው በብር ላይ ሳይሆን በአከርካሪ ላይ ነው። እርሱ የትኛው መጋዘን ሚዛን እንደሚያበዛና የትኛው እንደሚያሳንስ ሳይጠየቅ ይናገራል፤ መሐንዲሷም ታዳምጠዋለች፤ ምርመራዋ ሲያልቅም ቁጥሩ ብዙ ጊዜ ከእርሱ ቃል ጋር ይገጥማል።

አንዳንዱ ባለ መጋዘን «ዛሬ ሥራ ይበዛል፤ ልጄ፣ ሌላ ቀን ተመለሺ» ይላታል። አንዳንዱ ሻይ ያስመጣላታል፤ አትጠጣም። የሻይ ብርጭቆ ከባስኩላው አጠገብ ምን እንደሚሠራ ታውቃለችና። ፈቃደኛው ደግሞ ወረቀቱን ተቀብሎ ፊቱን ያጨማድዳል፤ ሚዛኑ በመቶ ኪሎ 400 ግራም አሳንሶ ሲያነብ እንደኖረ፣ ዓመቱን ሙሉ ለገዢው ሲመርቅ እንደከረመ ሲያውቅ መጀመሪያ የሚጠይቀው ያለፈውን ማን ይመልስልኛል የሚለውን ነው። ለዚህ መልስ የሚሰጥ መሣሪያ የለም። ጠጋኝ ይጠራና ሚዛኑ ከዚህ አገር ስበት ጋር ይስማማል፤ ብረቶቹ እንደገና ይወጣሉ፤ ቁጥሩ በወሰኑ ውስጥ ይገባል፤ ወረቀቱ እንደገና ይጻፋል።

ብረቶቹ ወደ መኪናው ሲመለሱ፣ ያ ሲረዳት የዋለው ወጣት ባዶው ባስኩላ ላይ ይወጣል። «እስቲ እኔንም መዝኚኝ።» 58 ኪሎ ከ650 ግራም ይላል። «ትክክል ነው?» ይላታል። «ከመቶ ግራም በላይ አይስትም» ትለዋለች። ይወርድና ሸማውን በትከሻው ላይ አጣጥፎ፣ ደጃፉ ላይ ወደ ቆመው የጭነት መኪና ሄዶ ጎንበስ ይላል፤ ሁለት ሰዎች ኩንታሉን አንሥተው ጀርባው ላይ ያደርጉለታል።